የሰው ወላጅ እየጦርን የራሳችን ወላጆች የት ይጦሩ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ወይም በሲያትል ማታ ማታ ወደ ነርሲንግ ሆም ጎራ ብትሉ ኮሪደሩ ላይ አማርኛ መስማታችሁ አይቀርም። የሚያወሩት ግን ሠራተኞቹ ናቸው። አልጋ ላይ ያሉት አረጋውያን የሌላ ሰው እናትና አባት ናቸው። የእኛ ልጆች ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ)፣ ነርስ ወይም ሆም ኸልዝ ኤድ (ቤት ሄዶ የሚንከባከብ ሠራተኛ) ሆነው ያጥቧቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል። ብዙ ሰው ኮሌጅ የጨረሰው፣ ቤት የገዛው፣ አገር ቤት ላሉት ወገኖቹ የላከው በዚህ ሥራ ገንዘብ ነው። ሙያውን ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

የራሳችን ወላጆች ሲደክሙስ? ቋንቋቸውን የሚሰማ፣ ጾማቸውን የሚያውቅ፣ ሽሮ ሠርቶ የሚያበላ ቤት ፈልጉ ብትባሉ የት ትሄዳላችሁ? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። የሰው እጥረት የለብንም። ላይሰንስ አውጥተው አረጋውያንን የሚንከባከቡ አበሾችም አሉን። እንደኔ አመለካከት የያዙን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ነውር ብለን የምንሸሸው ወሬና በጊዜ ያልጨረስነው ወረቀት።

መጀመሪያ ወላጆቹ እንዴት እንደመጡ እንይ። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ሲቲዝን ይሆንና ለእናቱ ወይም ለአባቱ ያመለክታል። እነሱም ስልሳ አምስት፣ ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ናቸው። የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ እሑድ ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ቡና ይፈላል። ከዚያ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ልጅና ምራት ሥራ ይውላሉ። እማማ ከጠዋት እስከ ማታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። መንዳት አይችሉም፣ አውቶቡሱን አያውቁትም፣ ጎረቤት የሚያንኳኳበት አገር አይደለም። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይወድቃሉ፣ ወይም ስትሮክ ይመታቸዋል፣ ወይም ምድጃ ለኩሰው ይረሱታል።

ውሳኔው የሚመጣው ያኔ ነው፤ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ። ኬዝ ማናጀሯ የነርሲንግ ሆም ዝርዝር ትሰጥና «በሁለት ቀን ውስጥ ምረጡ» ትላለች። ቤተሰቡ ስለ ጉዳዩ ተነጋግሮ አያውቅም። የቀረበውን ወይም ቦታ ያለውን ይይዛል። ወላጆቻችን ከገቡባቸው ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ በጥድፊያ የተመረጡ ናቸው።

ለምን ቀድመን አንነጋገርም? ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ተብለን ተመርቀን ስላደግን ነው። ወላጅን ሌላ ሰው እጅ ላይ መጣል ከክህደት ይቆጠራል። አገር ቤት የአረጋውያን መርጃ ሲባል ትዝ የሚለን ደግሞ እንደ መቄዶንያ ያለ ቦታ ነው። መቄዶንያ ከጎዳና የተነሱ፣ ሰው የሌላቸው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያነሳ ትልቅ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው። ከዚህ የተነሳ እንዲህ ያለ ቤት መግባት ማለት ሰው ማጣት ማለት መስሎ ይታየናል። «ልጆች እያሏት!» ይባላል። ይህን ወሬ የሚፈራ ቤተሰብ እናቱን ቤት ያስቀምጣል።

ይህ ስሜት ከፍቅር የመጣ ነው፤ አከብረዋለሁ። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ሴት ልጅ ወይም ምራት። ሥራዋን ትቀንሳለች ወይም ትተዋለች። ወገቧ ይጎዳል። እንቅልፍ ታጣለች። ወንድሞቿ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ምክር ይሰጣሉ። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ሃያ አራት ሰዓት ብቻን መጠበቅ ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። ይህን ደግሞ በዚሁ ሙያ የሚሠሩት ሰዎቻችን በደንብ ያውቁታል። እነሱ ሥራ ላይ በሺፍት ይቀያየራሉ፤ ቤት ውስጥ የሚቀይራቸው የለም።

ታዲያ ማንኛውም ነርሲንግ ሆም ይሆናል? አይሆንም። ልዩነቱ ምግብ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ምግቡ ትንሹ ነው።

የማስታወስ ፈተናውን እንውሰድ። አንድ አረጋዊ የመርሳት ምልክት ካሳየ ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ዓመቱ ስንት ነው? ወሩስ? ወቅቱ ምንድን ነው? ሰዓት ይሣሉና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ያድርጉት። አሁን ይህ ጥያቄ ለእማማ በስልክ አስተርጓሚ ሲቀርብ አስቡት። ዓመቱን 2018 ይላሉ፤ ወረቀቱ የሚጠብቀው 2026 ነው። ጁላይ ላይ ወቅቱን ቢጠየቁ ክረምት ነው ይላሉ፤ ውጭው በሙቀት ይነዳል። የግድግዳ ሰዓት በፈረንጅ ተሞልቶ በሐበሻ ሲያነቡ ስለኖሩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ሲባሉ አጭሩን እጅ አምስት ላይ ያደርጉታል። በእኛ ቤት ሁሉም ልክ ነው። በፈተናው ሁሉም ስህተት ነው። የትውልድ ቀናቸውም ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ ስለሆነ እሱንም ሲጠየቁ ይደናገራሉ። አንድ አበሻ ነርስ አጠገባቸው ብትኖር ይህን በአንድ ደቂቃ ታስረዳ ነበር። ካልኖረች ግን ፋይሉ ላይ የሚገባው ቁጥር ምን ዓይነት መድኃኒትና ምን ዓይነት ክፍል እንደሚሰጣቸው ሊወስን ይችላል።

በሽታው እውነት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የመርሳት በሽታ ሲጠና ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ የሠሩበት አባት ወደ አማርኛቸው፣ ወደ ኦሮምኛቸው ወይም ወደ ትግርኛቸው ይመለሳሉ። ሌሊት ሲነቁ የት እንዳሉ አያውቁም። ይጣራሉ። የሚመጣው ሰው የሚለው አይገባቸውም። ይፈራሉ፣ እጁን ይመታሉ። በማግስቱ «ተደባዳቢ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። አጠገባቸው «አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ውሃ ጠምቷቸው እንደነበር ይታወቅ ነበር።

ምግቡም ቢሆን ከእንጀራ በላይ ነው። ጠንካራ ኦርቶዶክስ እናት ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ። ክብደቷ ሲቀንስ ዳይቲሺያኗ ኢንሹር የሚባለውን ገንቢ መጠጥ ታዛለች። የተለመደው ኢንሹር የወተት ፕሮቲን አለበት። እማማ ይመልሱታል። ፋይሉ ላይ «ምግብ አልቀበልም ብላለች» ተብሎ ይሰፍራል፤ ማንም ጾም ነው ብሎ አይጽፍም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ከዕፅዋት የተሠራ ፕሮቲን አለ። ካልሆነም የንስሐ አባታቸው መጥተው «ታመዋልና ይብሉ» ብለው ይፈቱላቸዋል። ልጃቸው ብትለምን እሺ የማይሉት እናት ቄሱ ሲናገሩ ይበላሉ። ለሙስሊም አባትም እንዲሁ ነው። ሥጋው ሐላል መሆኑን፣ ለውዱእ ውሃ የሚያቀርብላቸው ሰው መኖሩን፣ አልጋቸው በየት በኩል እንደዞረ፣ በረመዳን የስኳር መድኃኒታቸው እንዴት እንደሚስተካከል የሚያስብላቸው ይፈልጋሉ።

ገላ መታጠብም አለ። ሕይወታቸውን ሙሉ በነጠላ ተሸፍነው የኖሩ እናት ወጣት ወንድ መጥቶ ልብሳቸውን ሲፈታ ምን እንደሚሰማቸው ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሕመምም አለ። ነርሷ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሞታል ስትል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚሉት። የእኛ ሰው ይህን ከፊታቸው ያነባል፤ ሌላው ዜሮ ብሎ ይጽፋል።

እናትዎ አሁን ተራ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ካሉ ሕጉ ያስቀመጠላቸውን ይወቁ። በ1987 የወጣው የፌዴራል የነርሲንግ ሆም ሕግና ደንቦቹ ቤቱን ያስገድዳሉ። የምግብ ዝርዝሩ የነዋሪዎቹን ሃይማኖትና ባህል እንዲያስብ ታዟል። ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ኬር ፕላኑ (ነዋሪው እንዴት እንደሚያዝ የሚጻፍበት ዕቅድ) የነዋሪውን ባህል ያገናዘበ እንዲሆን ይጠበቃል። የመጀመሪያው ፕላን በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ መዘጋጀት አለበት። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ አለ። ስለዚህ በኬር ፕላን ስብሰባ ላይ ተገኙ። ጾሙን፣ የወንድ አጣቢ አለመፈለጋቸውን፣ ሰዓትና ዓመት አቆጣጠራቸውን አስጽፉ። ያልተጻፈ ነገር ሺፍት ሲቀየር ይጠፋል። እምቢ ካሉ በየስቴቱ ኦምቡድስማን የሚባል ቢሮ አለ፤ የነዋሪዎችን አቤቱታ በነፃ ይቀበላል።

ሌሎች ስደተኞች ግን መብት በመጠየቅ ብቻ አልቆሙም። የራሳቸውን ሠሩ።

በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን በ1971 አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ዊሊያም ጂ፣ እና ማሪ ሉዊዝ አንሳክ የተባለች ትውልደ ስዊስ ሶሻል ወርከር ተነሱ። ሰፈሩ ውስጥ የቻይና፣ የጣሊያንና የፊሊፒንስ ስደተኞች እያረጁ ነበር። ለእነሱ የሚሆን ነርሲንግ ሆም አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹም ከሰፈራቸው መውጣት አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ ኦን ሎክ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሽማግሌው ቤቱ ያድራል። ጠዋት ቫን መጥቶ ይወስደዋል። ማዕከሉ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ፊዚካል ቴራፒ አለ፣ የለመደው ምግብ አለ፣ በቋንቋው የሚያወራው ጓደኛ አለ። ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ሙከራ ስለሠራ መንግሥት ገንዘቡን በአንድ ላይ መክፈል ጀመረ። በ1997 ኮንግረስ ፔስ በሚል ስም የሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ቋሚ ፕሮግራም አደረገው። ዛሬ በብዙ ስቴቶች አለ። 55 ዓመት የሞላውና ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ድካም ያለበት ሰው፣ ፕሮግራሙ በሚያገለግለው አካባቢ እስከኖረ ድረስ ሊገባበት ይችላል። የአንድ የስደተኛ ሰፈር ችግር አገር አቀፍ ሕግ ወለደ ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የእነሱ ታሪክ ነው።

ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ዪ ሆንግ አለ። ዶክተር ጆሴፍ ዎንግ የተባሉ ሐኪም ማኅበረሰቡን አስተባብረው በ1994 ስካርቦሮ ላይ 90 አልጋ ይዘው ከፈቱት። ዛሬ አራት ቦታ ላይ ይሠራል፤ ተራ ለመጠበቅ ዓመታት ይፈጃል። የሰልፉ ርዝመት ራሱ ይመሰክራል፤ ወላጅን ማክበር ትልቅ ነገር የሆነበት ሕዝብ እንኳ ቤቱ የእሱን ሲመስል ወላጁን ያስገባል።

የሎስ አንጀለስ ጃፓኖች ታሪክ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለው። ኬይሮ የተባለውን ነርሲንግ ሆም በ1969 ከፈቱ፣ ሌሎችም ጨመሩ። አሥርት ዓመታት ሙሉ በማኅበረሰቡ መዋጮና ጉልበት ቆመ። በ2016 ቦርዱ ቤቶቹን ለትርፍ ለሚሠራ ኩባንያ ሸጣቸው። ብዙ ሰው ተቃወመ፤ ሽያጩ ግን አልቆመም። በ2021 ቦይል ሃይትስ የነበረው አንዱ ቤት ሊዘጋ ሲል እርጅና የተጫናቸው ነዋሪዎች ውጡ ተባሉ። የአያቶች መዋጮ የሠራውን ቤት አንድ የቦርድ ስብሰባ ሊሸጠው እንደሚችል ገና ከጅምሩ ማሰብ ያስፈልጋል። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ያለ አባላት ድምፅ አይሸጥም የሚል አንቀጽ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

እኛ መቶ አልጋ መሥራት አለብን ማለቴ አይደለም። ለእኛ የሚስማማው ትንሹ ቤት ይመስለኛል።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አደልት ፋሚሊ ሆም የሚባል አለ። ተራ ሰፈር ውስጥ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፤ ከ2020 ወዲህ ልዩ ፈቃድ ያገኘ እስከ ስምንት ይችላል። ላይሰንሱን የሚሰጠው የስቴቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ ዲኤስኤችኤስ፣ ነው። ባለቤቱ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በእንክብካቤ ሥራ ላይ መሥራቱን ማሳየትና የአስተዳዳሪነት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ብዙ አበሻ ሲኤንኤ ይህን ሰዓት ከበቂ በላይ አለው። ሲያትልና አካባቢው ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። ሜሪላንድም አነስተኛ አሲስትድ ሊቪንግ (እየተረዱ የሚኖሩበት ቤት) ይፈቅዳል፤ አምስትና ከዚያ በላይ አልጋ ካለው ማናጀሩ የ80 ሰዓት ኮርስ ይወስዳል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው እዚያው ኪችን ነው። ሽታው ሳሎን ይደርሳል። ቡና ማፍላት ይቻላል፤ አንድ ነዋሪ ኦክስጅን ላይ ካለ ግን ከሰልና ዕጣን ክልክል ነው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ቄስም ኢማምም ፓስተርም ሲመጣ በሪሴፕሽን በኩል ማለፍ የለበትም። ስድስቱ ሰዎች በአንድ ቋንቋ ሲጫወቱ ይውላሉ። ነገር ግን ብዙዎቹን የአበሻ ቤቶች ብትጎበኙ ሠራተኛው አበሻ፣ ነዋሪዎቹ አሜሪካኖች ናቸው። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «የእኛ ሰው አይመጣም፣ ሲመጣም ወረቀቱ አላለቀም።»

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የሚጎዳን እዚህ ጋ ነውና።

ሜዲኬርንና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ሽፋን፣ ሜዲኬይድን፣ የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ሜዲኬር የዘላለም እንክብካቤ አይከፍልም። ከሆስፒታል ቀጥሎ ለሚሰጥ ሕክምና ቢበዛ 100 ቀን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ድርሻ ያስከፍላል። ነርሲንግ ሆም ከኪስ ሲከፈል በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይፈጃል። ለረጅም ጊዜ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ የገቢና የንብረት ወሰን አለው፤ በብዙ ስቴቶች ያላገባ ሰው ሊይዝ የሚችለው ጥሬ ገንዘብ 2,000 ዶላር ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ለልጅ የተሰጠ ቤትና ገንዘብም ይመረመራል። «ቤቱን ቶሎ ወደ ልጅ ስም እናዙረው» የሚለው የሰፈር ምክር ስንቱን ቤተሰብ ለወራት ያለ ሽፋን አስቀርቷል። የዚህን ጉዳይ ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም አትንኩ።

ስደተኛ ወላጅ ላይ ሌላ ይጨመራል። በ1996 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ የያዘ አብዛኛውን ሰው ለአምስት ዓመት ከፌዴራል ሜዲኬይድ ያግዳል። ልጅ ስፖንሰር ከሆነ ደግሞ ወላጁ ሲቲዝን እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል) ሥራ እስኪቆጠርለት ድረስ የልጁ ገቢ እንደ ወላጁ ገቢ ሊታይ ይችላል። በስደተኝነት (ሬፊውጂ) ወይም በጥገኝነት (አሳይለም) የገቡ ሰዎች ከዚህ እገዳ ውጭ ነበሩ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙትን ከሜዲኬይድ ያስወጣቸዋል። ወላጆቻችሁ አሳይለም አግኝተው ግሪን ካርዱን «ቆይ ይደርሳል» ካሉ አሁኑኑ ማመልከት ይገባል።

ሲቲዝንነቱም ቀን አለው። በሰባ ዓመታቸው የመጡ እናት በሰባ አምስታቸው ማመልከት ይችላሉ። ግን ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ የሚያደርገው ሕግ 15 ወይም 20 ዓመት በግሪን ካርድ መኖርን ይጠይቃል፤ እሳቸው ያን ያህል አልኖሩም። ቀሪው መንገድ ኤን-648 ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ ወይም ሌላ እክል እንዳለባቸው መስክሮ ከፈተናው የሚያስቀር ቅጽ ነው። ይህን ቅጽ የሚሞላ ሐኪም ቀደም ብሎ የሚያውቃቸው ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ የማስታወስ ምልክት ሲታይ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ መመርመርና ማስመዝገብ ይገባል።

አበሻ የከፈተው ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እንጀራ ስላለ ብቻ እናታችሁን አታስገቡ። የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን ከስቴቱ ድረ ገጽ አንብቡ። ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? የባህል ስሜት አልጋ ላይ የሚመጣ ቁስልን አይከላከልም፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ እጅ ነው የሚከላከለው። ሌላም አለ። የብሔርና የፖለቲካ ጠባችንን ይዘን ከገባን ስድስት አልጋ እንኳ አንሞላም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚናገሩ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሆኑ አረጋውያን አገር ቤት በአንድ ግቢ ኖረዋል። እዚህም ይችላሉ፤ የሚከብደው ለእኛ ለልጆቻቸው ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ድርጅት አዋጥተን ማቆም እናውቅበታለን። በየከተማው እድር አለን። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ይጠራራል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካል፣ ድንኳን ይተክላል። ለቀብር የተደራጀነውን ያህል ለመጦር አልተደራጀንም። አንድ እድር ከአባላቱ መካከል ስንት አረጋዊ እንዳለ፣ ስንቱ ብቻውን እንደሚውል፣ የስንቱ የሜዲኬይድ ወረቀት ተሟልቶ እንደተጠናቀቀ መመዝገብ ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን የቤተክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን አዳራሽ ከፍቶ፣ በቫን አምጥቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ደም ግፊት ለክቶ መመለስ ይችላል። ኦን ሎክም ወደ ዛሬው የደረሰው ከአንድ የቀን መዋያ ተነስቶ ነው። ያ መዝገብ ካለ አደልት ፋሚሊ ሆም ያለው ሐበሻ ባለቤት ጋ ሄዶ «ወረቀታቸው ያለቀ ስድስት ሰዎች አሉን፤ ቤቱን ለእነሱ ታደርገዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።